የወፍጮው ድምፅ እስከ ታች ሰፈር

ቱክ… ቱክ… ቱክ… ቱክ…

ሲሃም ዐይኗን አልገለጠችም። «ጆሮ የሚከፈተው ዐይን ሲከደን ነው፤ ሰርቀሽ እንዳታዪ!» ብሏታል አባቷ። ምን ሰርቃ እንደምታይ እሷም አልገባትም። ሆኖም ታች ሰፈር ከኒም ዛፉ ሥር፣ የእናቷን ስልክ ጨብጣ፣ ዐይኗን ጨፍና እንደ ጅል ቆማለች። ላቡ ከሂጃቧ ሥር እየተነሣ በጀርባዋ ይንቆረቆራል። ዕለቱ እሑድ ነው፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ግን የዕረፍት ቀን የላትም።

ድምፁ እንደገና መጣ። ቀጭን ነው፣ ሩቅ ነው፣ ግን አለ።

«ዱቄት! ቆመሽ ነው እንዴ የምትተኚው?» አለ አንድ ልጅ በብስክሌት እያለፈ። የክፍሏ ልጅ መሆን አለበት። ከክፍሏ ልጆች በቀር ዱቄት ብሎ የሚጠራት የለም። ባለ ወፍጮ አባት ያለው ሰው ምን ቢታጠብ ስሙ አይነጻም።

ስልኩ ጮኸ።

«ተሰማ?» አለ አባቷ። ከኋላው ሞተሩ ስለሚጮህ እሱም ይጮሃል።

«ተሰማ፣ አባ።»

«የዱቄት ወተቱ ጣሳ ነው እኮ! ከድልሁ ጣሳ አይሻልም?»

«ይሻላል።»

«ወይስ የዘይቱንም ልሞክረው?»

«አባ! ተሰማ አልኩህ እኮ!»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ ተሰማ! አሁን ልሂድ? ነገ የሒሳብ ፈተና አለብኝ።»

«አልሐምዱ ሊላህ!» አለና ስልኩን ዘጋው። ሂጂም ቆዪም አላላትም። ሲሃም ዐይኗን ገልጣ፣ ስልኩን አይታ፣ በረጅሙ ተነፈሰች። ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ አራተኛ ጣሳ ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከመንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት በከተማዋ መሃል ሊሰፋ ነው ተባለ። ሜትርና ቀለም የያዙ ሰዎች መጡና በአባቷ በአብዱልሃዲ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት አደረጉ። ለቤቱ ካሳ፣ ለቦታው ምትክ ይሰጣል፤ ወፍጮው ግን ይነሣል። አባቷ መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ አዘነ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከሁለቱም የባሰ ነበር። ማቀድ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ምሳ ሲበላ ሹካው ግድግዳ፣ ማንኪያው በር ይሆናል። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ወለሉ ላይ ዱቄት ይበትንና በጣቱ ይስላል። «ይሄ የጤፉ ወፍጮ፣ ይሄ የበርበሬው፣ ይሄ ሚዛኑ…» ሲል አንዷ ደንበኛ ማዳበሪያዋን እየጎተተች ሚዛኑን አቋርጣ ታልፋለች። እሱ እንደገና ይበትናል። ወረፋ የሚጠብቀውም ሰው ሁሉ መሐንዲስ ሆኗል። አንዱ በሩን ወደ መንገድ አዙረው ይላል፤ ሌላዋ የለም፣ ነፋሱ የበርበሬውን ብናኝ ጤፌ ላይ ያራግፍብኛል ትላለች። ሌላው ደግሞ እግረ መንገድህን የማሾ መጋዘን ጨምርበት ይላል። አባቷ ሁሉንም «ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ» እያለ ይስለዋል። ማታ ማታ ያን ሁሉ እቅድ በመጥረጊያ ጠርጋ የምትጥለው ሲሃም ናት።

ለምትክ የቀረቡለት ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሰፊ ነው፣ መጋዘንም ይይዛል፣ የበርበሬውን ወፍጮ ጥግ ላይ ለብቻው ለማድረግ ይመቻል። ነገር ግን የመብራት መስመር ገና አልደረሰበትም። ሁለተኛው የሲሃም ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ነው፤ መስመር በደጁ ያልፋል፣ ለሁሉም ሰፈር ቅርብ ነው፣ ግን ጠባብ ነው።

አባቷ ልቡ ማዶ ነው። መስመሩ እስኪደርስ ድረስ የድሮውን የናፍጣ ሞተር አስነሥቼ እሠራለሁ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሣው።

«ወፍጮ የሚታወቀው በድምፁ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ እናቶች እህላቸውን አበጥረው ደጃፋቸው ላይ ያስቀምጡና የወፍጮውን ድምፅ ይጠብቃሉ። ድምፁ ሲሰማ ማዳበሪያው በጋሪ ወይም በባጃጅ ይጫናል። ድምፅ ከሌለ የሚመጣ የለም። በድሮ ጊዜ የናፍጣ ወፍጮ ያለው ሰው የሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ ጣሳ ይደፋበት ነበር፤ ጭሱ ጣሳውን በመታው ቁጥር ቱክ ቱክ እያለ ሀገር ምድሩን ይጠራል። ለዚህ ነው አባቷ ያንን የዛገ ሞተር በጋሪ አስጭኖ ወንዙን ያሻገረው። ሞተሩን ከእሱ በቀር የሚያስነሣው የለም። የሚሰማለት ደግሞ ሲሃም ናት። ግማሹ ደንበኛ የሚኖረው ታች ሰፈር ስለሆነ እዚያ ከተሰማ ማዶውን ይወስዳል፤ ካልተሰማ የትምህርት ቤቱን።

የሲሃም ጓደኛ ሶስና አንድ ቀን ልትረዳው ሞክራ ነበር።

«ጋሽ አብዱልሃዲ፣ ለምን የቴሌግራም ግሩፕ አይከፍቱም? ‹ወፍጮ ጀምሯል› ብለው መልቀቅ ነው። አለቀ።»

«አያትሽ ቴሌግራም አላት?»

«የላትም።»

«ጆሮስ?»

«ጆሮማ አላት።»

«በቃ» አለና ዱቄቱን መሬት ላይ በተነ።

እሑድ ማታ ሞተሩ በጋሪ ተመልሶ መጣና ከቤታቸው ጓሮ ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። አባቷ እራት ላይ ጉርሻ እያጎረሳት «ያንቺ ጆሮ ነው የወሰነልን» አላት። ሲሃም በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ያለው እራት በላች። እቅዱ አለቀ ማለት ነው። ጣሳም የለ፣ ኒም ዛፍም የለ።

ደግሞ ማንም ያላወቀላት አንድ ደስታ ነበራት። የትምህርት ቤቱ አጥር ቀረ። አባቷ ያንን ቦታ ባነሣ ቁጥር ፊቱ ይበራ ነበር፤ «በዕረፍት ሰዓት በአጥሩ ላይ እጠራሻለሁ፣ መጥተሽ ሚዛን ትይዢልኛለሽ!» ይላል፣ ስጦታ የሚሰጣት ይመስል። ሲሃም ግን ሌላ ነገር ነው የሚታያት፦ በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲያስነጥስ፣ ካስነጠሰም በኋላ ዞሮ እሷን ሲያያት።

ሰኞ ጠዋት ሶስናን ልትጠራት ታች ሰፈር ወረደች። ሁለቱ ቀመር እየተጠያየቁ ከኒም ዛፉ አጠገብ ሲደርሱ ሶስና ቆመች።

«አባትሽ ዛሬም? ፈተና እያለብሽ? አቦ ያበዛሉ!»

«ምን?»

«አይሰማሽም እንዴ?»

ቱክ… ቱክ… ቱክ…

ሲሃም ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ዞረች። ሞተሩ ጓሯቸው ነው። ስትወጣ ሸራውን አይታዋለች፤ ዶሮ ተኝታበት ነበር።

«ነይ እስቲ» ብላ የሶስናን እጅ ጎተተችና በፓፓያዎቹ መሃል ወደ ወንዙ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ወረደች። ከፓፓያዎቹ ባሻገር የፈይሰል የሽንኩርት ማሳ አለ። ፈይሰል ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃ ይመራል። ከቦዩ ራስ ላይ አሮጌ የውሃ ፓምፕ እየተንቀጠቀጠ ይሠራል፤ ጭስ ማውጫው ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተደፍቶበታል።

«ፈይሰል! ጣሳው ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች።

«ዝናብ እንዳይገባበት ነዋ! ምን ሆንሽ?»

«ትናንትም ታጠጣ ነበር?»

«ሽንኩርት እሑድ አይጠማውም አሉሽ?»

ወደ መንገዱ ሲመለሱ ሶስና ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «ሁለት ቀን ሙሉ ዐይንሽን ጨፍነሽ… የፈይሰልን ፓምፕ…»

«አትሳቂ ባክሽ!»

«እሺ፣ እሺ። ግን ምን ችግር አለው?»

«ወላሂ ብያለሁ እኮ፣ ሶሲ።»

«ሰምተሽ አይደል ያልሽው? ተሰማ አልሽ፣ ተሰምቷል። ምን እንደተሰማ ማን ጠየቀሽ?» ሶስና ክርክር ስትይዝ ጠበቃ ናት። «ደግሞ አስቢው። ከነገርሻቸው የሚወስዱት ያንን የአጥሩን ነው። ማስነጠሱን እኔም አልቀርም፤ አንቺ ግን ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ድረስ ሙድ ሲያዝብሽ ትኖሪያለሽ። ዝም ካልሽ ግን… በቃ፣ ዝም።»

ሲሃም መንገዷን ቀጠለች። ፓምፑ ከኋላቸው ቱክ ቱክ እያለ ሸኛቸው። አሁን ሲሰማ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ምንም አይገናኝም። ትናንት እንዴት አልለየችውም? መልሱን ታውቀዋለች። ትናንት የሰለቸው ጆሮዋ ማንኛውንም ቱክታ ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። ነጋሪት ቢጎሰምም ተሰማ ትል ነበር።

በምሳ ሰዓት ወደ ቤት አልሄደችም። በቀጥታ ወፍጮ ቤት ገባች።

መብራት ነበር፤ ስለዚህ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። ሁለቱም ወፍጮዎች ይሠራሉ። እዚያ ውስጥ ሰው የሚነጋገረው አፉን ከሌላው ጆሮ ላይ ለጥፎ ነው፤ ያም ሆኖ ግማሹ በምልክት ነው። አባቷ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ጤፍ ያፈስሳል።

«አባ!» አለች ጆሮው ሥር ቆማ። «ትናንት የሰማሁት…»

«ምን?»

«የሰማሁት ድምፅ!»

«አዎ! ጎበዝ!» አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ከዚያ ወደ ወረፋው ዞሮ፣ «ልጄ ወላሂ ብላኛለች! ከማዶ ታች ሰፈር ድረስ!» ብሎ ጮኸ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ አውራ ጣቱን አሳያት።

«አይደለም፣ አባ! እሱ እኮ…»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ማዳበሪያውን ያዥልኝ!»

ያዘችለት። ዱቄቱ ፊቷ ላይ ቦነነ። ሌላ ማዳበሪያ መጣ፣ እሱንም ያዘች። አፏን በከፈተች ቁጥር ወይ ዱቄት ይገባባታል፣ ወይ «ምን?» ይላታል። በመጨረሻ ልትጮህ ትንፋሽ ሳበች፤ ወረፋው ሁሉ እያያት ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ፣ «የሰማሁት የፈይሰል ፓምፕ ነው!» ብሎ መጮህ… ትንፋሹ እንደገባ ቀረ።

እጅጌዋን የሚጎትት ሰው ተሰማት። እትዬ ሐረገወይን ናቸው፣ የሶስና አያት። ከበሩ ውጪ፣ ድምፁ ቀነስ ወዳለበት ወደ ግድግዳው ጥላ ወሰዷት። ከጭንቅላታቸው በላይ ቀዩ ምልክት አለ።

«አንቺ ልጅ፣ እውነት ሰማሽው?»

ሲሃም ከፊቷ ላይ ዱቄቱን ጠረገች። «እርስዎስ… አልሰሙም?»

«እኔማ ትናንት ደጄ ላይ በርጩማ አውጥቼ ዋልኩ። አባትሽ ስሙልኝ ብሎ የለ? የፈይሰል ፓምፕ ሲንኳኳ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ የጎረቤቴ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ፤ የአባትሽን ግን እንጃ።» እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ዐይናቸው ጋ አልደረሰም። «አንቺ ከሰማሽው እንግዲህ እኔን ጆሮዬ ከድቶኛል ማለት ነው። ዐይኔ ሄደ፣ ጉልበቴ ሄደ፤ ጆሮዬን ነበር የምመካበት።»

«እትዬ፣ ጆሮዎ እኮ ደህና…»

«ግዴለሽም፣ እርጅና ነው። ብቻ ለአባትሽ አትንገሪው፣ ይከፋዋል። ማዶ ከሄደ እኔ ደንበኛ አልሆንለትም። ሳልሰማ ወንዝ ተሻግሬ ዝግ በር ላይ ቆሜ ልመለስ? መናኸሪያ አጠገብ ወደተከፈተው አዲሱ ወፍጮ እሄዳለሁ። ሰፈሩም እንደዚያው ነው የሚለው፤ ፊት ለፊት ማን ይነግረዋል?» ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ወረፋቸው ተመለሱ።

ሲሃም ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቀረች። አባቷ ላቡን ሊያደርቅ ለአፍታ ብቅ ሲል አገኛት።

«አንቺ፣ ፈተና የለሽም እንዴ? ሂጂ!»

«መቼ ነው የምትፈርመው?»

«ዛሬ ነዋ። የማዘጋጃ ቤቱ ካሳሁን ቢሮው እየጠበቀኝ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ነው። ከተፈረመ ወዲያ መለወጥ የለም ብሏል፤ እኔም መለወጥ ሰልችቶኛል።» ሳቀ። «ሰው ቆሞ እየጠበቀ ወፍጮ አልዘጋም። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ መብራት መጥፋቱ አይቀር፤ እንደጠፋ እሄዳለሁ።»

«አባ፣ አንድ ነገር…»

«ማታ! ማታ ትነግሪኛለሽ!» ብሎ ወደ ጩኸቱ ተመልሶ ገባ።

ማታ! ሦስት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ጣሳ አንድ በአንድ ሲያማክራት ከርሞ፣ ዛሬ አንድ ቃል ለመስማት ጊዜ አጣ። ሲሃም የመንገዱን ጠጠር እየመታች ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። በእሱ ተናደደች፣ በፈይሰል ተናደደች፣ ጣሳ በሠራ ፋብሪካ ሁሉ ተናደደች። በቃ፣ ልትነግረው ሞክራለች። አልሰማም። የማን ጥፋት ነው?

ክፍሉ ይፈላል። ከመስኮቱ ውጪ፣ ከአጥሩ ባሻገር ያ ጠባብ ቦታ ይታያል፤ አራት ችካልና አንድ የምታመሰኳ ፍየል። መምህር ሚልኪያስ የፈተናውን ወረቀት እያደለ በወንበሮቹ መሃል ያልፋል።

«ስም፣ ክፍል፣ ቁጥር። ከጀመራችሁ በኋላ መውጣት የለም። ሽንት ቤት መሄድ የሚፈልግ አሁን ይናገር።»

ሶስና ከፊቷ ዞር ብላ ጠቀሰቻት። ሲሃም ስሟን ጻፈች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ታውቀዋለች፤ ጠዋት መንገድ ላይ የተጠያየቁት ነው። መሥራት ጀመረች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእስክሪብቶ መንቀሳቀስና ከአስፋልቱ በኩል የሚመጣው የአባቷ ወፍጮ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ያ ጉርምርምታ ዘወትር ስላለ እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ልብ የሚለው የለም። ተማሪው ከእሱ ቀድሞ እንደተሠራ ግድግዳ ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ድምፁ ዝግ ማለት ጀመረ። ወረደ፣ ወረደና ቆመ።

ቀና ያለ ተማሪ የለም። ሲሃም ግን እስክሪብቶዋ በወረቀቱ ላይ ቆመ። መብራት ጠፋ። አሁን አባቷ የጤፉን ወፍጮ አፍ ይከድናል። አሁን ከትከሻው ላይ ዱቄቱን በፎጣ ያራግፋል። ወረፋው እያጉረመረመ ይበተናል፤ እትዬ ሐረገወይን ማዳበሪያቸውን አስቀምጠው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። አሁን በሩን ይዘጋል። ባጃጅ ለማግኘት ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ካሳሁን ቢሮ ገብቶ ማዶውን ይፈርማል።

ከተማዋ ጸጥ ብላለች። በሹክሹክታ ቢናገሩ እንኳ የሚሰማ ነበር።

የአጥሩን ጥግ አየችው። ፍየሏ ችካሉን እያሸተተች ነው።

እስክሪብቶዋን ከደነች። ወረቀቱን ገለበጠችና ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች።

«ሲሃም?» አለ መምህር ሚልኪያስ። «ወዴት ነው? መውጣት የለም አልኩ እኮ።»

ሶስና ዞረች። ዐይኗ ፈጠጠ። «ሲሃም፣ አቦ፣ ተቀመጪ!»

«ይሄ ፈተና አይደገምም፣ ትሰሚያለሽ? አመመሽ? ተናገሪ እንጂ!»

ሲሃም በወንበሮቹ መሃል አለፈች፣ በመምህሩ አጠገብ አለፈች። የክፍሉ ተማሪ ሁሉ አንገቱን አዙሮ አያት። በሩን ከፈተች፤ ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው።